«ልጁ ለምን ይዘፍናል?»፦ ተመልካች የገፋው «ጃጋ ጃሱስ» የጉዳይ ጥናት

አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ክፍላችን ውስጥ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። ተራው ደርሶ ከመጽሐፉ አንብብ ሲባል ክፍሉ ፀጥ ይላል። ልጁ ይነሳል። የመጀመሪያዋ ፊደል ከንፈሩ ላይ ትያዛለች። አንገቱ ይገታተራል። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቁን ይለቀዋል፤ ሌላው ይከተላል። መምህሩ «በቃ ተቀመጥ» ይሉታል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግን ያ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሲዘምር አንዲት ቃል አታደናቅፈውም ነበር። መዝሙሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጣዋል። ያኔ ገርሞኝ ብቻ አለፈ። መልሼ ያሰብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የህንድ ፊልም ሳይ ነው።

ፊልሙ «ጃጋ ጃሱስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2017፣ ዓርብ ዕለት ነው ሲኒማ ቤት የገባው። ዳይሬክተሩ አኑራግ ባሱ ነው። መሪ ተዋናዮቹ ራንቢር ካፑርና ካትሪና ካይፍ ናቸው። ሙዚቃው የፕሪታም ነው። ከጀርባው ዲዝኒ አለ። ይህን ሁሉ ስም ተሸክሞ ወደቀ። ኮሜዲ ነው፤ የልጆች ጀብዱ ነው፤ የምርመራ ታሪክ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ልቡ ውስጥ ያለውን በዜማ የሚናገርበት ፊልም ነው። ብዙ ሰው ያልወደደለትም ይሄንኑ ነው። «ልጁ ለምንድነው በየደቂቃው የሚዘፍነው?» አሉ።

እኔ ደግሞ የዚህ ጥያቄ መልስ ራሱ ፊልሙ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ላንሳው፦ ምን ዓይነት ፊልም ነበር፣ ምን ሆኖ ወደቀ፣ የትኛው ወቀሳ እውነት ነው፣ የትኛው ግፍ ነው።

ልጁና አባቱ

«ጃሱስ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሰላይ ማለት ነው። የዐረብ አገር ኑሮ የቀመሰ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል። በሂንዲ ግን መርማሪም ይባልበታል። ስለዚህ ርዕሱ «መርማሪው ጃጋ» እንደማለት ነው።

ጃጋ ወላጅ የለውም። ያደገው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ይንተባተባል፤ ስለሚንተባተብም ዝምታን መርጧል። ዓይኑ ግን አያርፍም። ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያስታውሳል። አንድ ቀን ከባቡር ወርዶ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ያገኛል፤ ሆስፒታል እንዲገባም ያደርጋል። ሰውየው ባግቺ ይባላል። ልጁ ግን «ቱቲ ፉቲ» የሚል ስም ያወጣለታል፤ ስብርብር እንደማለት ነው። ባግቺን የሚጫወተው ቤንጋሊ ከሚባለው የምሥራቅ ህንድ ሕዝብ የወጣው ተዋናይ ሳስዋታ ቻተርጂ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አመስግን ብባል እሱን አመሰግናለሁ። ፊቱ ላይ አንዳች የተንኮል ነገር የለም። ሲያወራ ልጁን ቁልቁል አያየውም፤ እንደ እኩያው ነው የሚያወራው።

ምክሩን የሚሰጠው እሱ ነው። የአእምሮህ ግራው ወገን ቃል ይይዝብሃል፤ ዜማ ያለው በቀኙ ነው፤ ስለዚህ ማለት የፈለግከውን ዝፈነው ይለዋል። ልጁም ይሞክራል። መጀመሪያ ይፈራል። ከዚያ አንድ ቃል ትወጣለች፤ ሁለተኛዋ ትከተላታለች። ዕድሜ ልኩን ተዘግቶ የኖረ በር ሲከፈት ታያላችሁ።

የግራና የቀኝ አእምሮ ነገር ፊልሙ እንዳቀለለው አይደለም። ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። ከሚንተባተቡ ሰዎች ብዙዎቹ ሲዘፍኑ አይንተባተቡም። ዜማ ምት አለው፣ ድምፁ ይረዝማል፣ ትንፋሹ መስመር ይይዛል። ያ የክፍሌ ልጅ ሰልፍ ላይ መዝሙሩን የሚወጣው ለዚህ ነበር።

ባግቺ ልጁን ወስዶ ያሳድገዋል። ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የሞቀው ነው። ከዚያ ሲንሃ የሚባል የፖሊስ ሰው ብቅ ይላል። ባግቺ ይሸሻል። ከመሸሹ በፊት ግን ልጁን በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ማኒፑር ክልል፣ ኡክሩል በምትባል ተራራማ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ አባትየው አይመጣም። በየዓመቱ ለልደቱ ቀን ግን አንድ የቪዲዮ ካሴት ይመጣል።

ይህቺን ካሴት ልብ በሉልኝ። ልጁ አድጎ ወጣት ሆኗል፤ አባቱን የሚያውቀው ግን በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ካሴቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምክር ይሰጣል፣ ይስቃል፣ ይቀልዳል። ልጁ መልስ ቢሰጠው አይሰማውም። በስደት ያለ ወላጅ ያለው ልጅ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ዛሬ ካሴቱ በስልክ ተተክቷል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አንድ ዓመት ልደቱ ይደርሳል፤ ካሴት አይመጣም። የፊልሙ ሞተር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሲንሃ መጥቶ አባትህ ሞቷል ይለዋል። ጃጋ አያምንም። አባቱን ፍለጋ ይነሳል፤ ሽሩቲ የምትባል ጋዜጠኛን ይዞ። ለምን እሷን? ሽሩቲ ልክ እንደ አባቱ አደጋ የሚከተላት ሰው ናት። የረገጠችው ይሰበራል፣ የያዘችው ይወድቃል። ልጁ ይሄን አይቶ አባቴ የሄደበት መንገድ ላይ ልትመራኝ የምትችለው እሷ ናት ብሎ ያስባል። እንዲህ ዓይነት የልጅ ሎጂክ የሚወልደው ልብ ያለው ደራሲ ነው። ሳቁ ከሰው ጉድለት ላይ አይወለድም፤ ጉድለቱ ራሱ መፍትሔ ይሆናል።

ገንዘቡ ምን ይላል

በህንድ የፊልም ገቢ በክሮር ነው የሚቆጠረው። 1 ክሮር 10 ሚሊዮን ሩፒ ነው። «ጃጋ ጃሱስ» ዓርብ ዕለት 8.57 ክሮር ያህል አስገባ። ቅዳሜ ከ11 ክሮር በላይ ሆነ፤ እሑድ 13 አለፈ። የሦስቱ ቀን ድምር 33 ክሮር ነው። ይሄ የሚያሳፍር ጅምር አይደለም።

ነገር ግን እሑድ ከዓርብ ቢበልጥ አያስደንቅም፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይወጣል። ፈተናው ሰኞ ነው። ሰኞ የሚመጣው ሰው ትናንት ያየው ጓደኛው ሂድ ያለው ሰው ነው። ሂድ የሚል ጠፋ። ፊልሙ በህንድ ሲኒማ ቤቶች ቆይታው ሁሉ ያገኘው 54 ክሮር ገደማ ነው። ይህም ማለት ከጠቅላላ ገቢው ከግማሽ በላይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የመጣ ነው። የወጣበት ገንዘብ ግን ከ100 ክሮር በላይ እንደሆነ ነው የተዘገበው።

እኔ ከዚህ ቁጥር የማነበው አንድ ነገር ነው። ሰው ፊልሙን ናቀው ማለት አይቻልም። ጓጉቶ ገብቷል። የወጣው ግን ግራ ተጋብቶ ነው። የናቀውን ሰው መመለስ ያስቸግራል፤ ግራ የገባው ሰው ግን ቀድሞ የነገረው ቢኖር ኖሮ ይቆይ ነበር።

እንዴት እዚህ ደረሰ

ፊልሙ ሲታሰብ 2013 ነበር። ሲወጣ 2017። በመሀል የመውጫ ቀኑ ደጋግሞ ተቀየረ፤ በመጨረሻም ኤፕሪል 2017 ተባለ፤ እሱም ወደ ጁላይ ተገፋ። አንድ ፊልም ይህን ያህል ሲዘገይ ሰው ከማየቱ በፊት ይሰለቸዋል። «ገና አላለቀም እንዴ?» የሚለው ወሬ ከፊልሙ ቀድሞ ይሄዳል።

ከዚያ የግል ሕይወት ወሬ ተጨመረበት። ራንቢርና ካትሪና ፊልሙ ሲጀመር ፍቅረኛሞች ነበሩ። በ2016 መለያየታቸው በየጋዜጣው ወጣ። ቀረጻው ግን ገና ነበር። ሁለቱ ቀደም ሲል በ2009 በፍቅር ኮሜዲ፣ በ2010 ደግሞ በፖለቲካ ድራማ አብረው ተጫውተዋል፤ ሁለቱም ፊልሞች ተወደዋል። ስለዚህ በ2017 ትኬት የቆረጠ ሰው ምን ሊያይ እንደገባ መገመት አያቅትም። ፍቅር ሊያይ ነው የገባው። «ጃጋ ጃሱስ» ውስጥ ደግሞ ፍቅር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። ሰው ክትፎ አዞ ሽሮ ሲቀርብለት፣ ሽሮው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ይከፋዋል።

የስቱዲዮው ነገርም አለ። ዲዝኒ በ2016 የሂንዲ ፊልም መሥራት እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር። «ጃጋ ጃሱስ» የመጨረሻው ሆነ። ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሄድ ቤት ለመጨረሻው ልጁ እንደ መጀመሪያው አይደግስም። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ግን የፊልሙን አወጣጥ ሳይ ከዚህ ሌላ አይታየኝም።

የጎቪንዳ ጉዳይም ጥሩ ስም አልሰጠውም። ጎቪንዳ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ የህንድ ኮሜዲ ንጉሥ ነው። ለዚህ ፊልም ተቀርጾ ነበር፤ በኋላ ክፍሉ ተቆርጦ ወጣ። ቅሬታውንም በአደባባይ ተናገረ። ፊልሙ ከወደቀ በኋላ ደግሞ የራንቢር አባት፣ ነባሩ ተዋናይ ሪሺ ካፑር፣ ዳይሬክተሩ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ፊልሙን ሲነካካ ነበር ብለው ክፉኛ ወቀሱት። ልጃቸው የፊልሙ አንዱ ፕሮዲዩሰር ስለነበር ንዴታቸው ይገባኛል። በዚያን ሰሞን ስለ ፊልሙ የተወራው ሁሉ ስለ መዘግየት፣ ስለ ፀብ፣ ስለ ኪሳራ ነው። ስለ ልጁና ስለ ዜማው ያወራ ጥቂት ነው።

ዘፈኑ ጌጥ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ሙግት ልምጣ።

የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ዘፈን ሲመጣ የምናደርገውን እናውቃለን። ታሪኩ ይቆማል። ልብስ ይቀየራል፣ ተራራ ይወጣል፣ ዝናብ ይዘንባል። ዘፈኑን የሚወድ ያያል፤ የማይወድ ሻይ ሊያፈላ ይነሳል። ተመልሶ ሲቀመጥ ያመለጠው ነገር የለም። የህንድም ተመልካች ቢሆን ከዚህ ልማድ ብዙ አይርቅም።

«ጃጋ ጃሱስ» ይህን ውል ያፈርሳል። እዚህ ለሻይ የተነሳ ሰው ታሪኩ ያመልጠዋል። ፍንጩ በዜማ ነው የሚነገረው። ጥርጣሬው፣ ክርክሩ፣ ፖሊስን የሚሞግትበት ቃል ሁሉ በግጥም ነው። አዝማሪ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አይቶ እዚያው ግጥም እንደሚያወጣለት፣ ጃጋም ያየውን ማስረጃ እዚያው በዜማ ይደረድረዋል። አድምጥ ነው የሚለው። ቃሉን ተከታተል ነው የሚለው። በዘፈን ጊዜ ማረፍ የለመደ ጆሮ እንዲህ ሲባል ይደክማል። ብዙ ሰው «ደከመኝ» ያለው እውነቱን ነው። ግን የደከመው ፊልሙ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን ሙሉ ስለሆነ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ ካልዘፈነ ምን ይሆናል? ዝም ይላል። ምርጫው ይሄው ነው። «ዘፈኑን ትቶ ዝም ብሎ ቢያወራ» ያለ ሰው ሳያውቀው ያንን የክፍሌን ልጅ «በቃ ተቀመጥ» እያለው ነው።

የራንቢርን ትወና በቅርብ እዩት። ከመዝፈኑ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰኮንድ ነው የምላችሁ። መጀመሪያ መንጋጋው ይጠብቃል። ዓይኑ ወደ ጎን ይሸሻል። ቃሏ አፉ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ከዚያ ጣቱ ወይም ጭንቅላቱ ምት መያዝ ይጀምራል፤ ትከሻው ይፈታል፤ ዜማው ይመጣል። ይህን ሽግግር ፊልሙ ውስጥ እየደጋገመ ያደርገዋል፤ መንተባተቡን ግን ማሳቂያ አያደርገውም። በብዙ ኮሜዲ ፊልም ውስጥ የሚንተባተብ ሰው የሚገባው ሊሳቅበት ነው። እዚህ ሳቁ ያለው ልጁ ትልልቆቹን በዜማ ሲያፋጥጣቸው ነው። ለሦስት ሰዓት ገደማ ፊልም መሀል ላይ የሚንተባተብ ጀግና አስቀምጦ፣ አንድም ጊዜ ሳያዋርደው መጨረስ ትልቅ ሥራ ነው። በ34 ዓመቱ የትምህርት ቤት ልጅ መስሎ መታየቱንም እዚሁ ላይ ቁጠሩለት።

ባሱ ይህን መንገድ ድንገት አልጀመረውም። በ2012 በሠራው «በርፊ» ላይ ያው ራንቢር መስማትና መናገር የማይችል ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ያ ፊልም ተወደደ፤ ህንድም ለኦስካር ላከችው። የካሜራ ባለሙያው ራቪ ቫርማን፣ ሙዚቀኛው ፕሪታም፣ ሁሉም ያው ናቸው። እዚያ ዝምታን ነው የሞከረው፤ እዚህ ዜማን። ሁለቱም ፊልም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ቃል የከለከለው ሰው እንዴት ይሰማል?

ሥሩ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ባሱ ቤንጋሊ ነው። ቤንጋሊዎች ለልጆች የሚጻፍ የምርመራ ታሪክን እንደ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ነው የሚያዩት። ታላቁ ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ ራሱ ፌሉዳ የሚባል መርማሪ ፈጥሮ ለልጆች ይጽፍ ነበር። በ1969 ደግሞ ራይ ከአያቱ ተረት ተነስቶ የሙዚቃ ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም ሁለት የገጠር ሰዎች ሲዘፍኑና ከበሮ ሲመቱ የሰማ ሁሉ ባለበት ይደርቃል፤ ጦርነትም በዘፈናቸው ይቆማል። «ጃጋ ጃሱስ» የዚያ ፊልም የልጅ ልጅ ነው። የአባቱ ዱካ ወደ ጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ይወስደዋልና፣ እዚህም ልጁ የሚዘፍነው በእነሱ ላይ ነው።

መሣሪያው ደግሞ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ፊልሙ የሚነሳው በምዕራብ ቤንጋል፣ ፑሩሊያ በተባለ ወረዳ ከደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1995 ሌሊት አንድ አንቶኖቭ 26 አውሮፕላን በመንደሮች ላይ እየበረረ ሣጥን በጃንጥላ ጣለ። ሲነጋ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ያገኙት በመቶ የሚቆጠር ክላሽንኮቭና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥይት ነው። አውሮፕላኑ ከቀናት በኋላ ቦምቤይ ላይ እንዲያርፍ ተገደደ። የላትቪያ ዜጎች የሆኑ የአውሮፕላኑ ሠራተኞችና አንድ እንግሊዛዊ የመሣሪያ ነጋዴ ታሰሩ፤ ኋላም ተፈቱ። አንድ ዴንማርካዊ አመለጠ። መሣሪያው ለማን እንደተላከ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ይህን የመሰለ ጨለማ ነገር ወስዶ ለልጆች ተረት ማድረግ ድፍረት ነው። ፊልሙ ውስጥ «ካና ካኬ» የሚባል ዘፈን አለ። አዝማቹ «ሁሉም በልቶ ጠጥቶ ሄደ» እንደማለት ነው። ዜማው ያስጨፍራል። መልእክቱ ግን ዓለም ላይ ስንት ጉድ ሲወርድ ሰው በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማው እግሬ ሲመታ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ትርጉሙን እያነበብኩ ስሰማው እግሬ ቆመ። እንዲህ የሚያደርግ ኮሜዲ ብዙ አላየሁም።

ስለ ዘፈኖቹ ካነሳሁ «ኡሉ ካ ፓታ»ንም ልጥቀስ። ቃል በቃል «የጉጉት ልጅ» ማለት ነው፤ በሂንዲ ጅል ለማለት ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ ጉጉት ክፉ ወሬ ነጋሪ ናት፤ እነሱ ዘንድ ሞኝ ናት። አንድ ወፍ በሁለት አገር እንዲህ ሁለት ስም ማውጣቷ ያስገርማል።

እውነት የሆኑት ወቀሳዎች

የምወደው ፊልም ነው ብዬ ጥፋቱን አልሸፍንም።

ርዝመቱ ልክ አይደለም። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። በዜማ የተነገረ ታሪክ ከተወራ ታሪክ ይልቅ ጆሮን ያደክማል፤ ስለዚህ እንዲያውም ማጠር ነበረበት። ታሪኩ የሚቀርበው ሽሩቲ መድረክ ላይ ሆና ለልጆች የጃጋን የሥዕል መጻሕፍት ስትተርክ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን በየመሀሉ ወደ መድረኩ መመለሱ የተያዘውን ስሜት ይበትነዋል። ካትሪናም ስትወድቅና ስትነሳ ታስቃለች፤ ተራኪ ስትሆን ግን ግጥሙ አፏ ላይ አይሞላም።

ትልቁ ድካም የመጨረሻው ክፍል ነው። አባት ፍለጋው ወደ አፍሪካ ይሻገራል፤ ሞምባካ ወደምትባል የሌለች አገር። እንደ አፍሪካዊ ተመልካች ይህ ክፍል ቅር አሰኝቶኛል። ኡክሩልን ሲያሳየን የተራራውን ጭጋግ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ግቢ፣ የልጆቹን ልብስ ሳይቀር በፍቅር ነበር። አፍሪካ ሲደርስ ያ ፍቅር የለም። የዱር አራዊት፣ በረሃ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ በቃ። ኑሮ ያለው ሰው አይታይም። የህንድን ሩቅ ጥግ በዚያ ጥንቃቄ የሣለ እጅ እኛ ጋ ሲደርስ ለምን እንደቸኮለ አላውቅም። የታሪኩም ክር እዚሁ ነው የሚላላው። ምርመራው ይቀርና ሩጫ ብቻ ይሆናል። «መጨረሻው ጠፋብኝ» ያለ ተመልካች ተሳስተሃል ብዬ አልከራከረውም።

እነዚህ ግን በመቀስ የሚስተካከሉ ጥፋቶች ናቸው። 30 ደቂቃ ቢወጣለት፣ ሰውም የአባትና የልጅ ሙዚቃዊ ታሪክ እንደሆነ ቀድሞ ቢነገረው፣ ሰኞ ዕለት ሌላ ወሬ ይሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዘፈኑን ማውጣት ግን ማስተካከል አይደለም። ልጁን መልሶ ሆስፒታሉ ጥግ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

የተረፈው

በማግስቱ ዓመት ፊልምፌር በሚባለው የህንድ ፊልም ሽልማት ላይ ፕሪታም ለዚህ ፊልም በሙዚቃ ተሸለመ። ገጣሚው አሚታብ ባታቻርያ «ኡሉ ካ ፓታ»ን በጻፈበት አሸነፈ። «ጋልቲ ሴ ሚስቴክ» የሚለው የአዳሪ ትምህርት ቤት ዘፈን ደግሞ በውዝዋዜ ተሸለመ። ሦስቱም ከዜማው ጋር የተያያዙ ናቸው። ተመልካቹ የገፋው ያንኑ፣ ሙያተኞቹ ያከበሩት ያንኑ።

ራንቢር በ2018 በሌላ ፊልም ተመልሶ ከፍ አለ። ባሱም ሥራውን ቀጠለ። የቀረው ጃጋ ብቻ ነው።

እንዲህ የምለው ፊልሙ ተከታታይ እንዲሆን ታስቦ ስለነበር ነው። መጨረሻው አካባቢ፣ ስሙ ሲነሳ የቆየው የመሣሪያ ነጋዴ ባሺር አሌክሳንደር ብቅ ይላል። ናዋዙዲን ሲዲኪ ነው የሚጫወተው፤ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ገና ብዙ ይቀራል የሚል ፊት ነው ያለው። ሽሩቲ የምታነበውም ከተከታታይ መጻሕፍት ነው። ቀጣዩ ክፍል ግን አልተሠራም። ፊልሙን የምታዩ ከሆነ እዚያ ላይ አትዝጉት፤ የባሺርን ፊት እዩት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መልሱና ልጁ በሆስፒታሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘፍንበትን ቦታ አንዴ ድገሙት።